“እህል አልቀመስ አለን” ሲሉኝ የምጠይቀው

ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ አእምሮ ሕመም የሰለጠንኩት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ነው። መመሪያው የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ለምንሠራ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ሳይኮሲስን፣ ማለትም ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበትን ወይም ያልሆነውን ነገር አጥብቆ የሚያምንበትን ሕመም፣ በደንብ ያስተምራል። የአመጋገብ ሕመም፣ ማለትም ሰው መወፈርን ፈርቶ ምግብ የሚሸሽበት ወይም የበላውን የሚያስመልስበት ሕመም፣ ግን የራሱ ምዕራፍ እንኳ የለውም። ስለዚህኛው በራሴ እያነበብኩና ታካሚዎቼን እያዳመጥኩ ነው የተማርኩት።

ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው ቤተሰብ ይዞ የሚመጣው አቤቱታ አንድ ስለሆነ ነው። “ሲስተር፣ እህል አልቀመስ አለን።” ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለው “ለምን?” የሚለው ጥያቄ ላይ ነው። የሁለት ታካሚዎችን ነገር ልንገራችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ።

አንደኛው ትምህርቱን አቋርጦ ቤት የዋለ ወጣት ነው። የሚበላው ራሱ የላጠውን ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ብቻ ነበር። እናቱን ውጭ እንዲጠብቁ ለምኜ “ምግቡ ምን ሆኖ ነው?” አልኩት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ መርዝ እንደሚጨምሩበት፣ ይህንንም የሚያስጠነቅቀው ድምፅ እንዳለ ነገረኝ።

መርዝ የለበትም ብዬ አልተከራከርኩትም። አለበት ብዬም አልተስማማሁም። “እንዲህ እያሰቡ መብላት ይከብዳል። እንቅልፍስ ትተኛለህ?” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማውራት ጀመረ። ሰው የሚያምነውን ነገር በክርክር ማስጣል አይቻልም፤ ፍርሃቱን ግን አብሮ መስማት ይቻላል።

መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት ትኩሳት፣ ወባ፣ ኤች አይ ቪ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ጫትና መጠጥ መኖራቸውን አየን። እነዚህም ሰውን እንዲህ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከዚያ ሃሎፔሪዶል የተባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት በትንሽ መጠን ተጀመረለት።

እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ቤተሰቡን አስቀመጥኳቸው። “አንገቱ ቢጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል፣ መንጋጋው ቢያዝ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ወዲያው አምጡት፣ ይፈታል” አልኳቸው። ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ቤተሰብ ደንግጦ መድኃኒቱን ይጥላል። እንቅልፉና መረበሹ በቀናት ሊሻል እንደሚችል፣ ድምፁ ግን ሳምንታት እንደሚፈልግም ነገርኳቸው። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል አለበት። ዳነ ብሎ በድንገት ማቆም ነው ብዙውን ሰው መልሶ የሚጥለው። ኪኒን መዋጥ ለሚያስቸግረው በየወሩ ገደማ የሚወጋ መርፌም አለ።

ጸበል ይጠመቅ ነበር። አቁሙ አላልኳቸውም። የንስሐ አባታቸውን አግኝቼ አነጋገርኩ። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸውን አስታወስኳቸው። አባም “መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ያስታወሱልን እሳቸው ናቸው። እኔ ሰዓት ሙሉ ከማስረዳው የእሳቸው አንድ ቃል ይበልጣል።

ሁለተኛዋ ተማሪ ናት። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ እሷም በጾሙ ቀጠነች፣ ቤተሰቡም ቅድስና ነው ብሎ ተደሰተ። የጠረጠሩት መምህሯ ናቸው፤ ክፍል ውስጥ እየወደቀች ነበር። የሚጾም ሰው ፋሲካን ይናፍቃል። እሷ ፋሲካን ትፈራው ነበር። ድምፅ አትሰማም፣ መርዝም አትጠረጥርም። የምትፈራው መወፈርን ነው፤ ያውም አጥንቷ እየታየ።

የወር አበባዋ ቆሟል፣ ሁሌ ይበርዳታል፣ የልብ ምቷ ቀርፋፋ ነው፣ ስትነሳ ያዞራታል። ቲቢን፣ ስኳርን፣ እንቅርትንና እርግዝናን ሳላጣራ አልደመደምኩም። እግረ መንገዴን ጥርሷንና ጉንጯን አየሁ። ደጋግሞ የሚያስመልስ ሰው ጥርሱ ይበላል፣ ጉንጩ ሥር ያብጣል። እንዲህ ያለው ሰው ኪሎው ደህና ሊሆን ስለሚችል ማንም አይጠረጥረውም። በደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ወርዶ ግን ልቡ ሊቆም ይችላል።

እናትየው ያን ዕለት ዶሮ ሠርተው ሊያጠግቧት ተነሱ። እጃቸውን ይዤ ነው የለመንኳቸው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንዴ ሲገባበት በደም ውስጥ ያሉት ፎስፌትና ፖታሲየም የተባሉ ማዕድናት ድንገት ይወርዳሉ፣ ይህም ይገድላል። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ላክናት። ምግቡ በጥቂት በጥቂቱ፣ በደም ምርመራ እየታየ ጨመረ።

ቤት ስትመለስ ሳህኑን እናቷ ተረከቡ። ምን ያህል እንደምትበላ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ አብረዋት ይቀመጣሉ፣ ከበላችም በኋላ አይለዩዋትም። ስለ መልኳና ስለ ክብደቷ ግን ማንም አስተያየት አይሰጥም፤ “አማረብሽ” እንኳ አይባልም። ለእሷ “አማረብሽ” ማለት “ወፈርሽ” ነው። የንስሐ አባቷም ከጾም ነፃ አደረጓት። ይህን በራሷ ፊት እንዲነግሯት የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ፤ መደበቂያዋ እንዲዘጋ።

ወጣቱ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ መሶብ ይበላል። እሷ ገና ናት፤ ክብደቷ ተመልሷል፣ ፍርሃቱ ግን አንዳንዴ ያሸንፋታል። የሚቀጥለው ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው እሷ፣ እናቷና አባ ተያይዘው ወደ እኔ እንዲመጡ ተቀጣጥረናል።