ሁለት ገና በአንድ ቤት

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዲሴምበር ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ እውነተኛው ገና የቱ ነው?» አለችኝ። ለንደን ውስጥ የሐበሻ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። እኛ ቤት ዛፉ ለፈረንጅ ገና ይቆማል፣ ዶሮ ወጡ ታኅሣሥ 29ን ይጠብቃል። «ሁለቱም እውነተኛ ናቸው» ብያት አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አንድ ሌላ ልጅ ትዝ ብሎኝ ነው፣ እዚሁ አገር ሁለቱን ገናዎች የሚያስታርቅለት እናት ያልነበረው።

ልዑል አለማየሁን ማለቴ ነው።

አባቱ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕሩ ሲወርዱ መንገድ ላይ አረፉ። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። በዚያው ክረምት እንግሊዝ አገር ደረሰ፣ ንግሥት ቪክቶሪያም አይል ኦፍ ዋይት ደሴት ላይ ባለው ኦስቦርን በሚባለው ቤታቸው ተቀበሉት። ይዞት የመጣው ካፒቴን ስፒዲ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ጢሙ ቀይ፣ ቀደም ሲል አፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው። የእኛ ሰዎች ባሻ ፈለቃ ይሉት ነበር።

እዚያው ደሴት ላይ፣ ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር፣ ዲምቦላ የሚሉት ቤት አለ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ካቻምና ከሊሚንግተን በመርከብ ተሻግሬ አይቼዋለሁ። የቤቱ እመቤት ፎቶ አንሺዋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበሩ፣ የካልካታ ተወላጅ። በፈረንጆቹ 1863 ዲሴምበር ላይ ልጃቸውና አማቻቸው ካሜራ ሰጧቸው፣ 48 ዓመታቸው ነበር። የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል፣ የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ አደረጉና ሥራ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ጣታቸው በኬሚካል እንደጠቆረ ነው፤ እንግዳም ይሁን ሠራተኛ ወይም መንገደኛ፣ ፊቱ ደስ ያላቸውን ሰው ሁሉ ጎትተው ካሜራ ፊት ያስቀምጡት ነበር። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ለደቂቃዎች ንቅንቅ ማለት የለበትም።

በፈረንጆቹ 1868 ክረምት፣ ልጁ እንግሊዝ በደረሰበት ወቅት፣ አለማየሁንና ስፒዲንም አስቀመጧቸው። ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሷል። ልጁ እሱ ላይ ተጠግቷል። ፊቱን ደጋግሜ አየሁት። ቀኑን ሙሉ ለቅሶ ቤት ውሎ የመጣ ልጅ ፊት ነው።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ውስጥ ስፒዲ ከፍሬሽዋተር ሰዎች ልጅ አገባ። እኔም ከዚህ ተነስቼ ነው በሐሳቤ ዲምቦላ የገና ማዕድ ያዘጋጀሁት። ቤቱና ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው። ማዕዱ ግን የኔ ምናብ ነው።

እንግዶቹን ላስተዋውቃችሁ። ሁሉም ጉደኞች ናቸው። የቤቱ ጌታ ቻርልስ ካሜሮን ነጭ ጢማቸውን ደረታቸው ላይ ለቀው ጥግ ይዘዋል፣ 73 ዓመታቸው ነው። ሰፊ ባርኔጣና ካባ የሚወዱት ጎረቤት ቴኒሰን ናቸው፣ የንግሥቲቱ ባለቅኔ። ከጎብኚ ይሸሻሉ፣ የራሳቸውን ግጥም ማንበብ ከጀመሩ ግን የሚያስቆማቸው የለም። እኒህን የተከበሩ ሰው ወይዘሮ ካሜሮን አንዴ ክትባት ፈራህ ብለው ጮኸው ፈሪ እያሉ እንዳስከተቧቸው ይተረካል። በሁሉም ላይ ደግሞ ስፒዲ አለ፤ ሲቆም ራሱ ጣሪያው ላይ የሚሰቀሉትን ቅጠሎች የሚነካ ይመስለኛል።

ቤቱ በአረንጓዴ ቅጠል ተሸፍኗል። ዛፉም በሻማ ደምቋል፤ በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ የንግሥቲቱን ቤተሰብ ከገና ዛፍ ጋር የሚያሳይ ሥዕል ካወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ዛፍ እንግሊዞች ቤት በደንብ ገብቷል። ዝይ ጥብስ ይቀርባል። እዚህ ላይ ሐሳቤ ቆመ።

ምክንያቱም ቀኑ ታኅሣሥ 17 ነው። ጾመ ነቢያት አላለቀም። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ልጅ ጾም የሚጀምረው በሰባት ዓመቱ ነው፣ እሱም ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ብትኖር ኖሮ ያ ዓመት ትልቅ ሰው ሆንክ የሚባልበት፣ እስከ ስድስት ሰዓት ከቻልክ ጎበዝ የሚባልበት ዓመት ነበር። አሁን ፊቱ የተቀመጠው ሥጋ ነው። እንግዶቹ ክፋት የለባቸውም፣ ብላ እያሉ ያበረታቱታል። እሱ ስፒዲን ቀና ብሎ ያያል።

ከዚያ ክራከር የሚሉት የወረቀት ርችት ይመጣል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ይስበዋል፣ ጧ ይልና ውስጡ ያለው ጣፋጭ ይወድቃል። ልጆች ይስቃሉ። መቅደላ ላይ መድፍ ከተተኮሰ ገና ስምንት ወሩ ነው። ቀጥሎ መብራቱን ያጠፉና ፑዲንጉን ያመጣሉ፣ ዘቢብና ስብ ቅመም ገብቶበት በጨርቅ ታስሮ ለሰዓታት የተቀቀለ ነው። ላዩ ላይ ብራንዲ አፍስሰው ይለኩሱታል። ሰማያዊ ነበልባል። ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያም ሌላ ጨዋታ አላቸው፤ በሳህን ላይ ከሚነድ ብራንዲ ውስጥ ዘቢብ በጣት መንጠቅ። ጌታውም ልጁም እኩል ይቃጠላል፣ እኩል ይሳቃል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የምንለው እኛ ብቻ አይደለንም ማለት ነው። ልጁ አንዷን ዘቢብ ነጥቆ የሚስቅበትን ደቂቃ ለማየት ብዙ ሞከርኩ። አንዳንዴ ይታየኛል።

ሳህኑን የምታነሳው ሜሪ ሂሊየር ናት። የቤቱ ሠራተኛ፣ 21 ዓመቷ። ወይዘሮ ካሜሮን ድንግል ማርያምን በፎቶ ማሳየት ሲፈልጉ የሚያስቀምጧት እሷን ነው፤ ሕፃን ያሳቅፏትና ነጠላ የመሰለ ነገር ራሷ ላይ ጣል ያደርጉላታል። ስለዚህ በዚያ የልደት ማታ ማርያም የምትባለው ልጅ ወጥ ቤትና ሳሎን ስትመላለስ ታመሻለች። አለማየሁ አፍጥጦ የሚያያት እሷን ይመስለኛል። ነጠላ ለባሿን ማርያም ከሥዕል ያውቃታላ።

እንግዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ይህ ነው፤ ቀኑን የቆጠረለት ማን ነው? ለልጄ እኔ እቆጥርላታለሁ። ቀን መቁጠሪያው ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፣ ጾሙ የሚገባበትን እነግራታለሁ፣ ዋዜማው ማታ ቤቱ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። እሱ እንግሊዞች መካከል አሥራ አንድ የፈረንጅ ገና አሳለፈ። በ1879 ኖቬምበር ውስጥ፣ ሊድስ ከተማ፣ በ18 ዓመቱ አረፈ። የንጉሣውያኑ ግንብ ባለበት ዊንዘር ተቀበረ። በ2023 አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት መልስ አይሆንም የሚል ነበር። ያን ዜና ያነበብኩት አውቶቡስ ላይ ነው፣ መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ።

አንድ ነገር ግን ቆጥሬ ደረስኩበት። በዚያ ዘመን በሁለቱ ገናዎች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ዛሬ 13 ቀን ሳይሆን 12 ቀን ነበር። ስለዚህ የ1861 ዓ.ም. ገና የዋለው በእነሱ ጃንዋሪ 6 ነው። ጃንዋሪ 6 ደግሞ እንግሊዞች የገናውን ቅጠል ከግድግዳ የሚያወርዱበት ጊዜ ነው። የእነሱ በዓል ተጠርጎ የሚወጣው የእኛ በሚገባበት ቀን!

እናም ምናቤን እስከዚያ ጧት አስኬድኩት። ሜሪ ወንበር ላይ ወጥታ ቅጠሉን ታወርዳለች። ወለሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። ልጁ በባዶ እግሩ ከደረጃው ይወርድና በሩ ላይ ቀጥ ይላል። ቄጤማ ነው የሚያየው። ሜሪ መጥረጊያዋን ልታነሳ ስትል ስፒዲ ከኋላው ሆኖ እጁን ያነሳና፣ እስከ ማታ ይቆይ ይላታል። ከዚያም ጎንበስ ብሎ፣ ያ ሁሉ ቁመት፣ በአማርኛ እንኳን አደረሰህ ይለዋል።