የማይገባኝን ድል አልወስድም

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 በስፔን ናቫራ፣ ቡርላዳ ላይ የተካሄደ የአገር አቋራጭ ሩጫ ነው። ውድድሩን ይመራ የነበረው ኬንያዊው አቤል ሙታይ የጨረሰ መስሎት እርምጃውን ገታ። የመጨረሻው መስመር ግን ገና ጥቂት ሜትሮች ይቀሩት ነበር። ከኋላ ሲከተለው የነበረው ስፔናዊው ኢቫን ፈርናንዴዝ አናያ ደረሰበት። አልፎት ቢሄድ ሕግ አይከለክለውም፤ ድሉም በመዝገብ ይሰፍርለት ነበር። እርሱ ግን ሳያልፈው ከኋላው ሆኖ፣ በቃል ሊግባቡ ስላልቻሉ በእጁ ወደ መስመሩ እያመለከተ ሙታይን ወደፊት ነዳው። ሁለተኛ ሆኖም ገባ።

ከዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስገርመኝ የአናያ አሰልጣኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የማራቶን ሻምፒዮን የነበረው ማርቲን ፊዝ፣ እርሱ ቢሆን ኖሮ ዕድሉን እንደሚጠቀምበት በግልጽ ተናግሯል። አልፈርድበትም፤ ለማሸነፍ የኖረ ሰው እውነተኛ ስሜቱን ነው ያወጣው። እኔ ግን ከተማሪው ጎን እቆማለሁ። ሩጫ የሚጠይቀው ማን ፈጣን እንደሆነ ብቻ ነው፤ ሙታይ ደግሞ ለዚያ ጥያቄ መልሱን በእግሩ ሰጥቶ ነበር። አናያም ድሉ እንደማይገባው የተናገረው ለዚህ ነው።

ስፖርታዊ ጨዋነት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚታየው ርኅራኄ ነው፤ የማሸነፍ ወኔ የጎደለው ሰው ጠባይ አድርጎ የሚያየውም አለ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴና ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በመጨረሻው ቀጥታ መስመር ትከሻ ለትከሻ ሲናነቁ አንዱ ለሌላው አንዲት ስንዝር አልለቀቀም። የለያቸው 0.09 ሰከንድ ነበር፤ በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር አንደኛውንና ሁለተኛውን ከለየው ሰዓት እንኳ ያንሳል። ቴርጋት ከአራት ዓመት በፊት በአትላንታም በዚሁ ርቀት በዚሁ ሰው ተቀድሞ የብር ሜዳሊያ ወስዷል። ሁለቱ ግን ወዳጅ ሆነው ዘለቁ። ይህን ያህል ተቀራርቦ መሸነፍንና ቂም አለመያዝን አንድ ላይ መቻል፣ በእኔ ግምት፣ ከአናያ ውሳኔም ይከብዳል፤ የአንድ ቅጽበት ሳይሆን የዓመታት ሥራ ነውና።

የወደቀ ተፎካካሪ ባየ ቁጥር ሁሉም ሯጭ ይቁም አልልም። የሚያስቆጣኝ ሌላ ነው፤ በተጨናነቀ ዙር ሆን ብሎ በክርን መግፋት፣ ከውድድር በኋላ የተዘረጋን እጅ ማለፍ፣ ሽንፈትን ሁሉ በዳኛ ማሳበብ። እነዚህ በትልቅ መድረክ ድንገት የሚፈጠሩ አይደሉም፤ በልምምድ ሜዳ ላይ ሳይታረሙ ያደጉ ናቸው። ሰዓት የሚይዝ አሰልጣኝ በክርኑ የሚገፋውን ልጅ አስቁሞ ቢያነጋግረው፣ ካስፈለገም የዚያን ቀን ሩጫውን ቢያቋርጥበት እመርጣለሁ። ፈተናው የሚመጣው ያ ልጅ ከቡድኑ ሁሉ ፈጣኑ ሲሆን ነው፤ ያኔ አይቶ ለማለፍ ምክንያት አይጠፋም።