የክሪኬት ክለብ የዓመት ሰንጠረዥ፦ አማካዩ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

በእንግሊዝ የአማተር ክሪኬት ክለቦች የሚጫወቱት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። አሥር ቡድን ያለበት ዲቪዚዮን በሜዳና ከሜዳ ውጪ ሲገናኝ 18 ጨዋታ ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ዝናብ የሚቀንሰው አለ። ዘመኑ ሲዘጋ የክለቡ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ወረቀት ነው፦ ማን ስንት ራን አመጣ፣ ማን ስንት ዊኬት ጣለ፣ አማካዩስ ስንት ነው? ወረቀቱ የሚታመነው ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን የያዘው ሰው እያንዳንዷን ኳስ በትክክል ከጻፈ ብቻ ነው። በልጆች ጨዋታ ላይ ደግሞ እርሳሱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ልጁን ይዞ ለመጣ ወላጅ ነው። ለንደን ወይም በርሚንግሃም ያላችሁ፣ ተራው ሊደርሳችሁ ይችላል።

ጨዋታውን ለማያውቅ በአጭሩ፦ ወርዋሪው ይወረውራል፣ መቺው ይመታል፤ ሁለቱ መቺዎች ሮጠው ቦታ በተለዋወጡ ቁጥር አንድ ራን ይቆጠራል። ኳሷ እየተንከባለለች ከወሰኑ ከወጣች አራት፣ መሬት ሳትነካ ከወጣች ስድስት። ስድስት ትክክለኛ ኳስ አንድ ኦቨር ነው። መቺ ሲወጣ፣ ማለትም የመምታት ተራው ሲያበቃ፣ ዊኬት ወደቀ ይባላል፤ ለመምታት ሜዳ ሲገባ ደግሞ ገባ እንላለን።

የመቺ አማካይ የሚሰላው ራኑን በወጣበት ጊዜ ብዛት በማካፈል ነው፤ በገባበት ጊዜ ብዛት አይደለም። አውስትራሊያዊው መቺ ዶን ብራድማን በ52 የቴስት (አገሮች የሚጋጠሙበት የብዙ ቀን) ጨዋታ 80 ጊዜ ገብቶ 6,996 ራን አስመዝግቧል። አሥሩን ጊዜ ሳይወጣ ስለጨረሰ አካፋዩ 70 ነው፤ ታዋቂው 99.94 የመጣው ከዚህ ነው። በ80 ቢካፈል ኖሮ 87.45 ይሆን ነበር። በ1948 ለንደን በሚገኘው የኦቫል ሜዳ በመጨረሻው ጨዋታው ያለ ራን ባይወጣና አራት ራን ብቻ ቢያገኝ ኖሮ ደግሞ ልክ 100 ይሞላ ነበር።

ይኸው ስሌት ግን ጉድም ያመጣል። በ1953 የአውስትራሊያ ቡድን እንግሊዝን ሲጎበኝ፣ ለመወርወር እንጂ ለመምታት ያልተመረጠው ቢል ጆንስተን 17 ጊዜ ገብቶ 16ቱን ሳይወጣ ጨረሰ። ራኑ በጠቅላላው 102፣ አማካዩም 102 ሆነና ከመቺዎቹ ሁሉ በላይ ተቀመጠ። በክለብ ደረጃ ይህ በየዓመቱ በትንሹ ይደገማል። ሦስተኛ የሚገባው መቺ 14 ጊዜ ገብቶ 13 ጊዜ ወጥቶ 403 ራን ቢያመጣ አማካዩ 31 ነው። ዘጠነኛ የሚገባው 11 ጊዜ ገብቶ ስምንቱን ሳይወጣ ጨርሶ 96 ራን ቢኖረው 32 ይሆንለታል። ዋንጫውን ለማን ትሰጣላችሁ?

ብዙ ክለብ መፍትሔ አድርጎ የሚያስቀምጠው «ቢያንስ ስምንት ጊዜ የገባ» የሚል ገደብ ነው። ይህ ችግሩን አይነካውም፤ ጆንስተንም 17 ጊዜ ገብቷል። ገደቡ መቀመጥ ያለበት በወጡበት ጊዜ ላይ ነው፤ ለ18 ጨዋታ ስድስት ጊዜ መውጣት በቂ ይመስለኛል። ሰንጠረዡም በራን ብዛት ተደርድሮ አማካዩ ከጎን ቢጻፍ ይሻላል። ገደቡን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አስታውቁ፤ በኦገስት የወጣ ደንብ ሁልጊዜ የሚያነጣጥረው ሰው አለው።

ማን ገባ፣ ማን አልገባም የሚለውም ያከራክራል። ሜዳ ገብቶ አንድ ኳስ እንኳ ሳይደርሰው ጨዋታው ያለቀ መቺ እንደገባ ይቆጠራል፤ 0 ሳይወጣ ተብሎ ይጻፋል። ተራው ያልደረሰው አልገባም። ዝናብ መሃል ላይ ላቋረጠው ጨዋታ የተቆጠረው ሁሉ ይያዛል፣ ሜዳ ላይ የነበሩት ሁለቱም ሳይወጡ እንደጨረሱ ይመዘገባሉ። ተጎድቶ ወይም ታሞ ያቋረጠ አልወጣም። በወዳጅነት ጨዋታ 50 ሲሞላ ለሌላው ዕድል ለመስጠት በፈቃዱ የለቀቀና ያልተመለሰ ግን በሕጉ እንደወጣ ይቆጠራል። ክለቦች በይሉኝታ «አልወጣም» ብለው ይጽፉለታል፤ የብዙ ሰው አማካይ በአየር የሚነፋው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ወርዋሪዎች ስንሄድ ዋናው ወጥመድ ነጥቧ ናት። 7.3 ማለት ሰባት ኦቨርና ሦስት ኳስ ነው፣ ሰባት ተኩል ማለት ነው። አንድ ወርዋሪ በሦስት ጨዋታ 7.3፣ 8 እና 4.5 ቢወረውር በኤክሴል ሲደመር 19.8 ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ኦቨር በዓለም ላይ የለም። መጀመሪያ ወደ ኳስ ለውጡት፦ 45፣ 48 እና 29፣ ድምሩ 122 ኳስ፣ ማለትም 20.2 ኦቨር። 71 ራን ሰጥቶ ከሆነ በኦቨር 3.49 ነው፤ በተሳሳተው ድምር 3.59 ይሆንበታል። ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የኳስ ብዛት ብቻ ይሁን፣ ኦቨር ለሕትመት ይውጣ።

ቀጥሎ የትርፍ ራን ጉዳይ ነው። ዋይድ (ከመቺው ርቃ የተወረወረች ኳስ) እና ኖ ቦል (ከሕግ ውጪ የተወረወረች) በወርዋሪው ላይ ይቆጠራሉ፤ ባይ (ኳሷ መቺውንም ዱላውንም ሳትነካ አልፋ የተሮጠ ራን) እና ሌግ ባይ (የመቺውን አካል ብቻ ነክታ የተሮጠ) አይቆጠሩም። ስለዚህ በአንድ ኦቨር አራት ባይ ቢሮጥም ሌላ ራን ከሌለ ኦቨሩ ሜይደን፣ ማለትም በወርዋሪው ላይ ራን ያልተቆጠረበት ነው። ዋይድ መቺው እንደተጫወታት ኳስ አይያዝም፣ ኖ ቦል ግን ይያዛል፤ ሁለቱም ከኦቨሩ ስድስት ኳስ ውስጥ አይገቡም። ሮጦ ሳይደርስ የወጣ መቺ ለወርዋሪው ዊኬት አይሆንም። በመዝገቡ ላይ ራን የሌለባት ኳስ ነጥብ፣ ዋይድ መስቀል፣ ኖ ቦል ክብ ነው፤ ባይ ጫፉ ወደ ላይ፣ ሌግ ባይ ወደ ታች ባየ ሦስት ማዕዘን ይጻፋል። ለእያንዳንዱ ወርዋሪ የተለየ ቀለም ያለው እስክሪብቶ መያዝ ስህተት ሲፈለግ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ስህተቱ ግን ሜዳው ላይ እያላችሁ መገኘት አለበት። ሂሳቡ በሁለት በኩል ይመጣል። የመቺዎቹ ራን 171፣ ዋይድ 9፣ ኖ ቦል 3፣ ባይ 4፣ ሌግ ባይ 6 ከሆነ ድምሩ 193 ነው። በወርዋሪዎቹ በኩል 171፣ 9 እና 3 ተደምረው 183 መምጣት አለባቸው፤ ባይና ሌግ ባይ ሲጨመሩ እንደገና 193። ካልገጠመ አንዲት ሌግ ባይ በወርዋሪ ስም ተጽፋ ወይም ባይ ለመቺው ተሰጥታ ሊሆን ይችላል። በየአምስት ኦቨሩ ከተቃራኒው ቡድን መዝጋቢ ጋር ማስተያየት ይህን ያስቀራል፤ ሁለት መዝጋቢ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ዳኛው ምልክት ሲሰጥ እጅ አንስቶ አይቻለሁ ማለት ግዴታ እንጂ ጨዋነት ብቻ አይደለም።

አንድ አዲስ ነገር አለ፤ የቆዩ መዝጋቢዎች ያልፉታል። ከ2022 ወዲህ መቺ የመታው ኳስ መሬት ሳይነካ ተቀልቦበት ሲወጣ፣ ኦቨሩ ካላለቀ በቀር ቀጣዩን ኳስ የሚጫወተው አዲሱ ነው፤ ሁለቱ ቢተላለፉም ባይተላለፉም ለውጥ የለውም። በድሮው ልማድ የጻፈ ሰው የሁለት መቺዎችን ኳስና ራን ያቀያይራል፤ ድምሩ ስለሚገጥም ማንም አይነቃበትም።

የቀለበውን ሰው ስም ዊኬቱ እንደወደቀ ጠይቁ። ከመቺው ጀርባ የሚቆመውን ዊኬት ጠባቂ ከሌሎቹ ለይታችሁ ያዙ፤ ኳስ ወደ እሱ ይበዛልና አንድ ላይ ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። ተቀያሪ ገብቶ ከቀለበ በካርዱ ላይ ተቀያሪ ተብሎ ብቻ ይጻፋል።

ውጤቱ ወደ ፕሌይ ክሪኬት፣ ማለትም የእንግሊዝና የዌልስ ክሪኬት ቦርድ ለክለቦች ወዳዘጋጀው ድረ ገጽ ሲገባ የሚመጣው ጣጣ ስም ነው። አንዱ ተጫዋች በሙሉ ስሙም በቁልምጫውም ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ራኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ስሙ ያልታወቀ ደግሞ «አልተረጋገጠም» ከሚለው ሥር ተጥሎ ይረሳል። ከሰኞ በፊት አጣሩት፤ ሴፕቴምበር ላይ በሜይ ሦስተኛው ቅዳሜ ስምንተኛ ሆኖ የገባው ማን እንደነበር የሚያስታውስ አይገኝም።