ወደ ራስ ደጀን ሊነሱ ሲሉ፦ የመጨረሻው ሳምንት

ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች አድርጎ ራስ ደጀን ላይ ለመውጣት የቆረጠ ሰው ቀኑ ሲቃረብ ሆዱ ባር ባር ማለቱ አይቀርም። ሻንጣ መፍታትና መልሶ መጠቅለል የሚጀመረውም ያኔ ነው። በተፈታ ቁጥር አንድ ሹራብ ይገባል፣ አንድ ቱና ይጨመራል፣ “ምናልባት” የተባለ ነገር ሁሉ ይጠቀጠቃል። ፍርሃት ኪሎ አለው። በዚህ ሳምንት መጨመሩ ይቅርና የተያዘው ይፈተሽ።

ከሁሉ በፊት መንገዱ። በአማራ ክልል ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከጎንደር ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ትናንት ክፍት ነበር ተብሎ የሚታመን አይደለም። ሁለት ቀን ሲቀራችሁ ደባርቅ ወዳለው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፤ ለአስጎብኚያችሁም ለብቻው ደውሉ። የሁለቱ መልስ ካልገጠመ ቀኑን ግፉት።

ጫማ። አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተራመዳችሁበት ይሁን። ሲገዛ የሚለካው ወደ ማታ፣ እግር አበጥ ሲል፣ በወፍራም ካልሲ ነው። ክሩን ሳታስሩ እግራችሁን ወደ ፊት ግፉት፤ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት ካልገባ ጠባብ ነው። ይህን ሁሉ ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም፦ ከቧሂት ተራራ አፋፍ ወደ አምቢቆ መንደር ሲወረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ፣ ጥፍር የሚጠቁረውም እዚያ ነው። ለቁልቁለት ክር እንዲህ ይታሰራል፦ እግር ወደ ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ቦታ ሁለቱን ክሮች አንዴ በማጠላለፍ ፈንታ ሁለቴ ጠምዝዛችሁ ጥብቅ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ላይኞቹ መንጠቆዎች ቀጥሉ። ድርቡ ጥምዝ አይላላም፣ ተረከዝን ወደ ኋላ ይዞ ያቆየዋል፣ ጣቶች ከጫማው ጫፍ ጋር አይጋጩም። ቤት ውስጥ ደረጃ እየወረዳችሁ ሞክሩት። ጥፍር ደግሞ ከሦስት አራት ቀን በፊት ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል፤ የመሄጃው ዋዜማ የተቆረጠ ጥፍር ጠርዙ ስለታም ስለሚሆን ጎረቤት ጣትን ያቆስላል። እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ማቃጠል ይጀምራል። ያቃጠለው ቦታ ላይ ወዲያው ፕላስተር ማድረግ አምስት ደቂቃ ነው፤ “ካምፕ ስደርስ” ያለ ሰው በማግስቱ ያነክሳል።

ሻንጣው ሁለት ቦታ ይከፈል። በቅሎ ላይ የሚጫነው ጎማ የሌለው፣ ለስላሳ ከረጢት ይሁን፤ ጭነት ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ስለሚዘም፣ አንድ ትልቅ ከምታደርጉት ሁለት ተቀራራቢ አድርጉት። ውስጡን በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍኑ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በቅሎው ከእናንተ ጋር አይሄድም። እናንተ በእሜት ጎጎ አፋፍ ዞራችሁ ገደሉን ስታዩ እሱ በሌላ መንገድ አቋርጦ ካምፕ ይቀድማል፣ አንዳንዴም ይዘገያል። ስለዚህ የዝናብ ልብስ፣ አንድ ሙቀት ያለው ሹራብ፣ ከ2 እስከ 3 ሊትር ውሃ፣ የግንባር መብራት፣ የፀሐይ ቅባትና የቀን ምግብ ጀርባችሁ ላይ ይሁኑ። ይህ ቦርሳ ከ7 ኪሎ አይለፍ። ቤት ባለው ሚዛን አንዴ ከነቦርሳው፣ አንዴ ያለ ቦርሳው ቁሙና ልዩነቱን እዩ። ጋቢ ይወሰድ ወይ ለሚለው፦ ካምፕ ውስጥ የሚተካው የለም፤ ግን ጥጥ ነውና ከረጠበ ይከብዳል፣ በቶሎም አይደርቅም። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቅሎ ላይ ይጫን። ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። የምትከራዩትን የመኝታ ከረጢት ዚፑን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ዝጉት፣ እዚያው ኪራይ ቤቱ ውስጥ።

ስንቅ ላይ የከተማ ሰው ኬክና ቸኮሌት ያበዛል፤ በሶና ቆሎ ግን ለዚሁ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን 100 ግራም በሶና 150 ግራም ቆሎ ከምሳ ጋር ይበቃል። በሶ በጠርሙስ ሲበጠበጥ መጀመሪያ ውሃው እስከ ሲሶ ይግባ፣ ከዚያ ሦስት ማንኪያ በሶ፣ ከተናጠ በኋላ ውሃው ይሞላ። ዱቄቱ ከቀደመ ታች ይጋገራል፣ ጣት አይደርስበትም። ለእራት ምስርና ባቄላ አትያዙ፦ በ3,600 ሜትር ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ጥራጥሬ አልበስል ብሎ ጋዝ ይጨርሳል። ሽሮ በድርቆሽ ግን አያሳፍርም። የጋዝ ቆርቆሮ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። ረቡዕና ዓርብ ከገባበት ቅቤ የገባበት ጭኮ ብቻ ይዛችሁ ባለበቅሎውን “ብላ” ማለት የለም፤ የጾም ነገርም ይኑር።

ሒሳቡን ደባርቅ ጨርሱት። ስካውቱ (የታጠቀው የፓርኩ አጃቢ) እና ባለበቅሎዎቹ ምግባቸውን ይዘው ይመጣሉ ወይስ ከእናንተ ነው? ጉዞው ሌላ ቦታ ካለቀ የመመለሻቸው ቀን ይታሰባል ወይ? ከጉዞ በኋላ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። ዝርዝር ብርም ያዙ።

ከፍታውን አዲስ አበቤ “እኛ ደገኞች ነን” ብሎ ይንቀዋል። 2,400 ሜትር ላይ መኖር ይረዳል፣ ግን ለ4,550 ሜትር ዋስትና አይሆንም። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ አብሯችሁ ካለ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሁለት ሌሊት ይደር። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600 ስለሆነ የተለመደው መንገድ ራሱ ልክ ነው። ሳንቃበርን ዘልሎ በመኪና ጨነቅ የሚያድር ግን ራስ ምታቱን ራሱ ገዛው።

ዋዜማ ሌሊት ደባርቅ ላይ እንቅልፍ እምቢ ሊል ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተኛ ሰው ትንፋሹ ቆም ይልና በድንገት አየር ስቦ ይነቃል፤ ልብም ትመታለች። ይህን ያልሰማ ሰው ጭንቀቱን ከሕመም ይቆጥረውና እስኪነጋ ፍራሹ ላይ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው አተነፋፈስ ሌላ ምልክት ከሌለው የተለመደ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከሆነ ግን በማግስቱ ወደ ላይ አይኬድም። ተረከዝን ከጣት እያገናኙ ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ጠዋት አይጠበቅለትም፤ በዚያው ሌሊት ይውረድ።

ጠዋት በቅሎዎቹ ተጭነው እስኪያልቁ ከተባለው ሰዓት ማለፉ የተለመደ ነው፣ ቆማችሁ አትብሰክሰኩ፣ ሻይ ጠጡ። መጀመሪያውን ሰዓት እያወራችሁ መሄድ በምትችሉበት ፍጥነት ሂዱ። ሃያ ደቂቃ ስትራመዱ እግር ይሞቅና ክር ይላላል፤ ቁሙና ሁለቱንም ጫማ እንደገና እሰሩ።