'7' እና 7 አንድ አይደሉም

ኮድ ላይ በጥቅስ ምልክት ውስጥ '7' ብላችሁ ስትጽፉ ለኮምፒውተሩ ቁጥር አይደለም፣ ካራክተር (የጽሑፍ ምልክት) ነው፣ አስኪ (ለእያንዳንዱ ካራክተር የቁጥር ኮድ የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ላይ ኮዱ 55 ነው። '0' 48 ላይ ይጀምርና ተከታትለው '9' 57 ላይ ያልቃል፣ ስለዚህ ወደ ዲጂት ለመቀየር 48 መቀነስ ነው፣ አለቀ። ግን እባካችሁ 48 ብላችሁ አትጻፉት፣ '0'ን ቀንሱ፣ ውጤቱ ያው ሆኖ ኮዱን የሚያነበው ሰው ግን ይገባዋል።

ጣጣው የሚመጣው ቤዝ 16 ላይ ነው፣ ማለትም በ10 ፈንታ በ16 ዲጂቶች ስንቆጥር። ከ10 እስከ 15 ላሉት ከኤ እስከ ኤፍ ያሉትን የላቲን ፊደላት እንዋሳለን፣ ትልቁ ኤ ግን 58 ላይ አይደለም ያለው 65 ላይ ነው፣ መሃል ላይ እንደ ጥያቄ ምልክት ያሉ ሰባት ምልክቶች ገብተውበታል፣ ስለዚህ '0'ን ብቻ ከቀነሳችሁ 10 መሆን ያለበት 17 ሆኖ ይወጣል። ፊደል ከሆነ '0'ን ሳይሆን ትልቁን 'ኤ' ቀንሳችሁ 10 ደምሩ። ትንሹ ኤ ደግሞ 97 ነው፣ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ አንድ አይነት መቀየር ይሻላል።

ከዛ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ከግራ ጀምራችሁ እስካሁን የያዛችሁትን በቤዙ አባዝታችሁ አዲሱን ዲጂት መደመር። 2ኤፍ ማለት 2 ሲባዛ በ16 ሲደመር 15፣ 47። ቤዝ 2 ሆነ 36 ሉፑ (የሚደጋገመው ስሌት) ያው ነው (36 ላይ የሚቆመው 10 ዲጂትና 26 ፊደል ስላለን ነው)። ዲጂቱ ከቤዙ ማነሱን ግን ቼክ አድርጉ፣ ያለዚያ ቤዝ 8 ውስጥ '9' ሲገባ ምንም ኤረር ሳይመጣ የተሳሳተ ቁጥር ይዛችሁ ትቀጥላላችሁ፣ እኔ ከዚህ ይልቅ ፕሮግራሙ ቢቆም እመርጣለሁ።

ከቁጥር ወደ ጽሑፍ ስትመለሱ ደግሞ በቤዙ እያካፈላችሁ ቀሪውን መያዝ ነው። እዚህ ጋ ኢፍ ኤልስ መደርደር አልወድም፣ ከ0 እስከ ዜድ ያለውን በአንድ ስትሪንግ (የካራክተሮች ሰንሰለት) ጽፎ ቀሪውን እንደ ኢንዴክስ (የቦታ ቁጥር) መጠቀም በጣም ንጹህ ነው፣ ስለ ሰባቱ ምልክቶችም ማሰብ ይቀራል። ዲጂቶቹ ከቀኝ ስለሚወጡ መጨረሻ ላይ መገልበጥ አለባቸው፣ 0 ራሱ ሲገባ ደግሞ ሉፑ ጭራሽ ሳይጀምር ባዶ ስትሪንግ ይመልሳል፣ እሱን ለብቻ ያዙት።

የግእዝ ቁጥርስ? ፓይተን ላይ '፩' ዲጂት ነው ወይ ብላችሁ በኢዝዲጂት (isdigit) ብትጠይቁት አዎ ይላል፣ በኢንት (int) ወደ ቁጥር ቀይረው ስትሉት ግን ኤረር ይሰጣችኋል። ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን የሚያካትተው የኮድ ሰንጠረዥ) የግእዝ ቁጥሮችን እንደ ዴሲማል (የቤዝ 10 ዲጂት) ስለማይቆጥራቸው ነው፣ ዜሮ የላቸውም፣ አስርም የራሱ ምልክት ፲ አለው። ስለዚህ ኢንት ከመጥራታችሁ በፊት በኢዝዴሲማል (isdecimal) ቼክ አድርጉ።