«በዕፅዋት የለፋ» ያለው ማን ነው?

የምሠራበት አነስተኛ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ከበግ ቆዳ የእጅና የኪስ ቦርሳ እያዘጋጀ በበይነ መረብ በቀጥታ ለአውሮፓ ደንበኞች ይሸጣል። የጥራት ቁጥጥሩና የሰነዱ ሥራ የእኔ ነው፤ የሽያጭ ገጹን የምትይዘው ባልደረባችን ደግሞ የምርት መግለጫዎቹን በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ የምታዘጋጀው በሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው።

ነገሩ የተነሣው አንዲት ጀርመናዊት ደንበኛ በላከችልን ፎቶግራፍ ነው። የቦርሳውን ማንገቻ ለማሳጠር ስትቆርጠው የተገለጠውን ጠርዝ አቅርባ አንሥታዋለች፤ ላዩ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። ገጻችን ግን «በዕፅዋት የለፋ፣ ከክሮም ነፃ፣ ለአካባቢ ተስማሚ» ይላል፤ ክሮም የሚባለው ቆዳ የሚለፋበት የማዕድን ጨው ነው። ፎቶውን ለአንጋፋው ቆራጫችን ባሳየሁት ጊዜ «ይሄማ ክሮም ነው ልጄ፤ በዕፅዋት ቢሆን እስከ ውስጡ ቡናማ ይሆን ነበር» አለኝ።

ባልደረባችን ለማሽኑ የሰጠችው መረጃ የኢትዮጵያ በግ ቆዳ መሆኑን፣ በእጅ መሰፋቱንና ገዢው ለአካባቢ የሚቆረቆር መሆኑን ብቻ ነበር። ማሽኑ የጎደለውን አልጠየቀም፤ በእንዲህ ያለ ማስታወቂያ ላይ የሚዘወተረውን ቃል አምጥቶ ሞላበት። በዓለም ላይ አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮም ስለሆነ ግምቱ የመሳሳት ዕድሉ ሰፊ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው፣ ከመስከረም 2026 ጀምሮ ሥራ ላይ እንዲውል የተወሰነው መመሪያ ደግሞ ማስረጃ የሌለውን «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ጥቅል አባባል ይከለክላል።

አለቃችን ለደንበኛዋ ገንዘቧን መልሳ አባባሎቹን ከገጹ አስነሣች። ክሮም ራሱ ነውር እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት፤ ለማልፋት የሚውለው ሦስተኛው ዓይነት (ክሮም III) ሲሆን፣ የሚያሳስበው በአያያዝ ጉድለት ጎጂ ወደሆነው ስድስተኛው ዓይነት (ክሮም VI) ሲለወጥ ነው። የኅብረቱ ሕግ ከሰውነት ጋር ለሚነካካ ቆዳ የሚፈቅደው የስድስተኛው ዓይነት መጠን በኪሎ ግራም ከ3 ሚሊ ግራም በታች ነው፤ ስለዚህ ከቆዳ ፋብሪካው የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቀን እሱን ከገጹ ጋር አያያዝን።

ከዚያ ወዲህ ለማሽኑ አንድ ገጽ የመረጃ ቅጽ ይሰጠዋል፤ «እዚህ የሌለውን አትጨምር፣ የጎደለውን ጠይቅ» የሚል ትእዛዝም አለው። ቅጹን ስንሞላ ነው ስለ ቁርጥራጩ በቁም ነገር የተነጋገርነው። በበግ ቆዳችን ላይ እከክ የሚተወው ነቁጥ ብዙ ስለሆነ፣ ቆራጩ እሱን እየሸሸ ሲቆርጥ የሚጣለው ክፍል ቀላል አልነበረም። አሁን ንጹሑ ቁራጭ የካርድ መያዣ ይሆናል፤ ነቁጥ ያለበትም ከነነቁጡ ፎቶ ተነሥቶ ለገበያ ይቀርባል። በእኔ እምነት አረንጓዴ የሚባለው ሥራችን ይህ ነው፤ መግለጫው የተጻፈውም ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ማሽኑ በአዲሱ ትእዛዝ መሠረት በመጀመሪያ የጠየቀው ስለ ማጣበቂያው ነበር፤ ያንን ደግሞ ማናችንም በቅጹ ላይ አላሰፈርነውም። የምንጠቀመው ሽታው ቤቱን የሚሞላውን ማስቲሽ ነው። በውኃ የሚቀጥነውን ዓይነት በካርድ መያዣው ላይ ሞክረን ይዞልናል፤ ለቦርሳ እጀታ ግን ቆራጩ እስካሁን አላመነበትም፤ ስለዚህ የቦርሳዎቹ መግለጫ ማስቲሽ መሆኑን በግልጽ ይናገራል።