ወደ ጅሬን ቀስ ተብሎ ነው የሚወጣው

አስጎብኚያችን ከመነሳታችን በፊት የነገረን ሕግ አንድ ብቻ ነው፦ «እኔን ቀድሞ የሚሄድ የለም።» ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡት የሃይኪንግ ልጆች ተያዩ። እንጦጦን በስንት ደቂቃ እንደወጡ የሚፎካከሩ፣ እጃቸው ላይ ያለው ሰዓት እርምጃ የሚቆጥርላቸው ናቸው። እሱ ደግሞ የጅማ ልጅ ነው፤ አያቱም አባቱም የቲጃኒያ ሱፊ መንገድ ተከታይ፣ ቲጃኒ የሚባሉት። እኛ የከፈልነው ለተራራ ጉዞ ነው፣ እሱ የሚሄደው ለዚያራ፣ የሼኾችን ቦታ ለመሳለም። ሁለቱን እንዴት እንደሚያስታርቃቸው ለማየት ጓጉቼ ነበር።

አርብ ረፋዱ ላይ ከጅማው ሂርማታ ገበያ ተነሳን። ሂርማታን ሳያዩ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ጅሬን መውጣት ወሬን ከመሐሉ እንደመጀመር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ፣ የሚያሳዝነው ደግሞ ባሪያውም የሚገናኘው እዚህ ነበር። ከሰሜን የሚመጡት ጀበርቲ የሚባሉ ሙስሊም ነጋዴዎች ከአሞሌውና ከጨርቁ ጋር ሃይማኖታቸውንም ይዘው መጡ። እስልምና ወደ ጊቤ አገሮች የገባው ከበቅሎ ኋላ በእግሩ እየሄደ ነው ማለት ይቻላል። ነገሥታቱ ሰለሙ፣ ሼኾቹም መጥተው ተቀመጡ።

ጅሬን ከከተማው ቢርቅ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባጃጅ ይወጣዋል። በእግር ስንወጣው ግን ግማሽ ቀናችንን በላው። ምክንያቱ ዳገቱ አይደለም፤ ሰላምታው ነው። አስጎብኚያችን በየደጁ ይቆማል። «አካም ቡልተን?» ይልና ከብቱን፣ ልጆቹን፣ ዝናቡን፣ የቡናውን ዋጋ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ጥቅምት ሊያልቅ ነበርና በየጓሮው የቡናው ፍሬ ቀልቷል፤ ሰዉም ወሬው ቡና ብቻ ነው። ከኛ መሐል አንዱ ልጅ ሰዓቱን እያየ «በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው?» ሲል አስጎብኚው ሳቀና «ደርሰናል እኮ» አለው። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

በቅርቡ እድሳት የተደረገለት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አናቱ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እንጨቱ፣ ሰገነቱ፣ ባለ ፎቁ ቤት። ስለ ቤተ መንግሥቱ ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ይዘዋል። ለአፄ ምኒልክ በጊዜ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ የውስጥ አስተዳደራቸውም በእጃቸው ቀረ። ያ ያበቃው በ1932 ነው። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግቢው ውስጥ ያለው መስጊድ ነው። ቤተ መንግሥቱን ቲኬት ቆርጠን ጎበኘነው፤ መስጊዱ ግን እስካሁን ይሰገድበታል፣ ደጁ ላይ ጫማ ተደርድሯል። ንጉሡ ዑለማ (የሃይማኖት ሊቃውንት) ይወዱ እንደነበር፣ የጅማ ሐጃጅ የሚያርፍበት ቤት መካ ድረስ እንዳሠሩ አስጎብኚያችን የነገረን እዚያ ደጅ ላይ ቆመን ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ የቦዬ ረግረግም በሩቁ ያብረቀርቃል። ጉማሬ አለበት ይሉታል፤ እኛ አላየንም።

ከአስር ሰላት፣ ከከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ በፊት ከሸንተረሩ ጀርባ ወደምትገኝ አነስተኛ የቆርቆሮ ቤት ወረድን። «ስልክ ወደ ኪስ» አለ አስጎብኚው፤ ከሕጉ ሌላ የሰጠው ትእዛዝ ይህ ብቻ ነው። ወንዶቹ ወደ ትልቁ ክፍል ገቡ፣ እኛ ሴቶች በመጋረጃው በኩል። እኔ ክርስቲያን ነኝና ደጅ ለመቆየት ሳመነታ አንዲት እናት በሦስት እግር የጅማ በርጩማ እየጠቆሙ «ግቢ ልጄ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ» አሉኝ። ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ቲጃኒያ በሰሜን አፍሪካ በሼኽ አሕመድ አል ቲጃኒ የተጀመረ ጠሪቃ፣ ማለትም የሱፊ መንገድ ነው፤ እሳቸው በ1815 እ.ኤ.አ. ሞሮኮ ፌዝ ከተማ ውስጥ አርፈዋል። ወደ ጅማ አካባቢ በሰፊው ያዛመቱት ከቦርኖ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ በኩል የመጡት አል ፈቂ አሕመድ ዑመር ናቸው። በ1953 እ.ኤ.አ. በያኔው ወለጋ ያአ በሚባል ቦታ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው። የጅማ ሰው፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ስንቅ ቋጥረው ቀናት በእግር እየተጓዙ ይዘይሯቸው ነበር። እናቴ ያልኳቸው ሴት በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር ሄደዋል። «መንገዱ ነው ዱዓው» አሉኝ። የአስጎብኚው «ደርሰናል እኮ» ትርጉሙ የገባኝ ያኔ ነው።

ቲጃኒ ጧትና ማታ የሚለው ዊርድ፣ የዘወትር ውዳሴ፣ አለው፤ 100 ጊዜ ኢስቲግፋር (ምሕረት መለመን)፣ 100 ጊዜ ሰለዋት (በነቢዩ ላይ የሚባል)፣ 100 ጊዜ ላ ኢላሀ ኢለላህ። አርብ ግን ከአስር ሰላት በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ተሰብስበው ያንኑ ላ ኢላሀ ኢለላህ ይሉታል። መሐል ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። በመጋረጃው ክፍተት የማየው የአንድ ሽማግሌ እጅ ብቻ ነበር፤ አውራ ጣታቸው አንዷን የሙስበሃ (የመቁጠሪያ) ፍሬ ገፍቶ፣ ትንሽ ቆሞ፣ ወደ ቀጣይዋ ይሻገራል። ድምፁ መጀመሪያ የተበታተነ ነበር፤ እያደር ግን ገጠመ፣ ቆርቆሮውም አብሮ ያስተጋባ ጀመር። የዕጣኑ ጭስ፣ የቡናው ሽታ፣ ውጭ የሚያገሳ ላም። እርምጃ የሚቆጥረው ልጅ ከዚያ ሲወጣ ሰዓቱን አላየም፤ ወይም እኔ ሳላየው አይቷል።

በማግስቱ በቦንጋ መንገድ ሰቃን አልፈን ወደ በለቴ ደን ገባን። እዚህ ነው የተራራ ሰዎቹ ደስ ያላቸው። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ መንገዱ ሐረግ ለሐረግ ነው። ከላይ ቀረሮው፣ ከሥሩ ዋንዛና ሰሳው፣ ከዚያ በታች ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና። ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን እየወዘወዙ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ሶሪት የምትባለው ወፍ ደግሞ ጮኻ ስትበር የክንፏ ቀይ ለአንድ አፍታ በርቶ ይጠፋል። ዛፎቹ ላይ ከፍ ብሎ ቀፎ ተሰቅሏል።

ደኑ እንዴት ተረፈ ስንል አስጎብኚው ሁለት መልስ ሰጠን። አንደኛው የወረቀት ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጃፓኑ ጃይካ ድጋፍ ገበሬዎቹ ዋቡብ በሚባል ማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማሉ። ሁለተኛውን በእግሩ አሳየን። ከመንገዱ ወጣ ብሎ ትልቅ ሾላ ሥር የአንድ ሼኽ መቃብር አለ፤ ድንጋዩን ሻጋታ በልቶታል፣ አረንጓዴው ጨርቅ አዲስ ነው። ዙሪያውን የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ አልተነሳም። «ለማገዶ የሚወስድ የለም?» አልኩት። «ማን ደፍሮ?» አለ። ሁለቱ መልሶች የሚጋጩ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከመምጣቱ በፊት ሾላው ነበር።

ነገሩ ያለ ክርክር የሚኖርም አይደለም። መቃብር መዘየር ከሃይማኖቱ አይደለም የሚሉ አሉ፤ ከአስጎብኚያችን እኩዮችም መሐል። ጠየቅነው። «አልከራከርም። እኔ የማውቀው አባቴ ሲመጣ አብሬው መምጣቴን ነው» አለና ውኃውን ጠጣ። ለቱሪስት ብሎ ነገሩን ለማሳመር አልሞከረም፤ እኔም የወደድኩለት ይህንን ነው። ሌላ ቦታ ቅርስን እንደ ትርኢት የሚያሳዩ አስጎብኚዎች አይቻለሁና።

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ክረምት ላይ በለቴ ለእግር አይሆንም። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ሁሉም ደግሞ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ይያዙ፤ ባለ ረጅም ማሰሪያ ቡት ያደረጉት የኛ ልጆች በየደጁ ሲፈቱና ሲያስሩ ነው የዋሉት። ጅሬን ላለው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ቡና እንዳትወስዱ፤ ቡና ከጅማ ነው የሚሄደው። እናቴ ያልኳቸው ሴት ስንሰነባበት ያዘዙኝ ስኳርና ጥሩ ዕጣን ነው፦ «የገበያው ዕጣን ተቀላቅሎ ጭሱ ብቻ ሆኗል፤ ስትመጪ ደህናውን አምጪልን፤ የማትመጪ ከሆነ ላኪው።» ልኬዋለሁ።